ከዓሣው ገንዳ ሥር የሚነጠፈው

ታላላቅ ሥራዎች ሁሉ በታላላቅ ስብሰባዎች ይጀመራሉ፤ ብዙዎቹም እዚያው ስብሰባው ላይ ያልቃሉ። የዚህ መሥሪያ ቤት የዓሣ ገንዳ ግን ከስብሰባ አዳራሽ ወጥቶ እስከ እንግዳ መቀበያው ድረስ የዘለቀ ብርቅ ሥራ ስለሆነ ታሪኩን በአክብሮት መተረክ ይገባል።

ነገሩ የተጠነሰሰው ባለጉዳዮች «ጉዳያችን ዘገየ» እያሉ ማጉረምረም ባበዙበት ሰሞን ነው። ዋና ሥራ አስኪያጁ አርቀው የሚያስቡ ሰው ናቸው፤ ጉዳዩን ማፋጠን የሚባለው ተራ መፍትሔ በሐሳባቸው ሽው አላለም። ባለጉዳዩ ሲጠብቅ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ነገር ካገኘ ልቡም አብሮ ያርፋል አሉ። በሳምንቱ አንድ የመስታወት ገንዳና ሰባት ቀያይ ዓሣዎች መጡ።

ገንዳው በብረት ጠረጴዛው ላይ ሊወጣ ሲል የንብረት ክፍል ኃላፊው አስቆሙ። መስታወት በብረት ላይ እንዲሁ አይቀመጥም፤ በመሐላቸው ለስለስ ያለ ነገር መነጠፍ አለበት፤ ይህ ደግሞ ያለ ኮሚቴ የሚወሰን ጉዳይ አይደለም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውን ተረት የዚህን መሥሪያ ቤት ያህል ያከበረ የለም። እዚህ ማንም ቸኩሎ ስለማያውቅ የሚለቀምም ነገር የለም።

ኮሚቴው እስኪወስን ዓሣዎቹ በመወልወያ ባልዲ ተደርገው ከመዝገቢት ጠረጴዛ ሥር ተቀመጡ። መዝገቢት የሚሏት ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት ያገለገለችውን ሴት ነው፤ የትኛውም ፋይል የት እንዳለ ዓይኗን ጨፍና ታውቃለች፣ የሚጠይቃት ግን እምብዛም ነው። መጀመሪያ ባልዲውን አይታ ተነጫነጨች። ከዚያ በየጠዋቱ በሻይ ኩባያ ውኃ እየቀዳች መለወጥ ጀመረች። በአራተኛው ቀን ታወራቸው ነበር። ልጆቿ አድገው ከቤት ከወጡ ወዲህ ስትገባ ፈጠን ብሎ የተቀበላት ፍጡር እነዚህ ብቻ ናቸው። ወደደቻቸው፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ኮሚቴው በበኩሉ ሥራውን በጥልቀት ያዘው። ስፖንጅ፣ ካርቶን፣ የምንጣፍ ቁራጭና የሶፋ ትራስ ለውድድር ቀረቡ። የንብረት ኃላፊው «ለሰው ያልተመቸ ለመስታወት አይመችም» የሚል ሳይንሳዊ መርሕ ስለነበራቸው እያንዳንዱን ከምሳ በኋላ ተኝተውበት ይፈትሹ ነበር። ስፖንጁ የአርባ ደቂቃ ሙያዊ ምርመራ ተደረገለት፤ ምርመራው ሲያንኮራፋ እስከ ኮሪደሩ ይሰማ ነበር። ትራሱ ይበልጥ ስላመራመራቸው በማግስቱም እንዲቀጥል ተወሰነ።

በሁለተኛው ሳምንት አንዱ ዓሣ ሞተ። በቃለ ጉባኤው ላይ «ያለ ፈቃድ ከሥራ ገበታው የተለየ» ተብሎ ሰፈረ። ምክንያቱ ሲጣራ አንድ የኮሚቴ አባል «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» ብሎ ተረት ጀመረ፤ ሥራ አስኪያጁ ቀና ብለው ሲያዩት ግን ተረቱ እንዲሰረዝለት ራሱ አመለከተ። መዝገቢት የሞተውን በወረቀት ጠቅልላ ከግቢው ዛፍ ሥር ቀበረችው። አልቅሳለች።

በዚህ መሐል ዓርብ ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች እንደሚመጡ ተሰማ። ባልዲ ለገጽታ ግንባታ አይመችምና ዓሣዎቹ እስከ ዓርብ ገንዳው ውስጥ ካልገቡ መጸዳጃ ቤት ይደፉ ተብሎ ታዘዘ። መዝገቢት ይህን ስትሰማ ዓሣዎቹን የሸጠውን ሰው ሄዳ ለምና አመጣችው። ሰውየው ገንዳውን ዘቅዝቆ ሥሩን በጣቱ ዞረው።

«እህቴ፣ ይሄ እኮ ዙሪያውን ፍሬም አለው። ክብደቱን የሚይዘው እሱ ነው፤ መሐሉ ጠረጴዛውን አይነካም። ስፖንጅ ብታደርጉበት ወደ ላይ እየገፋ ይሰነጥቀዋል።»

«ታዲያ ምን ይነጠፍበት?»

«ምንም።»

መዝገቢት ደስ ብሏት የባለሙያ አስተያየት ቅጹን ሞላች። ቅጹ ባዶ ቦታ ስለማይወድ «የሚነጠፈው ዕቃ ዓይነት» ከሚለው ፊት ለፊት በዚያ ውብ ጽሕፈቷ «ምንም» ብላ ጻፈች። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ማለት ይኼኔ ነው።

ኃላፊው አነበቡ፤ መነጽራቸውን ወልውለው ደግመው አነበቡ። እንዲህ የሚባል ዕቃ ሰምተው ባያውቁም በንብረት ክፍል አናት የተቀመጠ ሰው አላውቅም አይልም። ውፍረቱን ጠየቁ፤ ዜሮ ነው አለቻቸው። ቀለሙን ጠየቁ፤ የለውም አለቻቸው። «ስስ፣ ቀለም የማይለቅ» ብለው በአድናቆት መዘገቡ። ኮሚቴውም በሙሉ ድምፅ ምንም እንዲነጠፍ ወሰነ። ችግሩ አንድ ብቻ ነበር፤ ማንኛውም ነገር ዕቃ ግምጃ ቤት ገቢ ሳይሆን ወጪ አይደረግም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኃላፊው መዝገቢትን አስጠሯት።

«ምንሙ መጣ?»

«ጌታዬ፣ የሚነጠፍ ነገር የለም ማለት እኮ ነው።»

«ከሌለማ በምን ሰነድ ወጪ ላድርገው? መጀመሪያ ይምጣ።»

ተመልሳ ባልዲውን አየች። ስድስቱም ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ሰነድ ስታገላብጥ የኖረች ሴት ከሰነድ ጋር አትጣላም። ባዶ ካርቶን አነሳች፣ በፕላስተር አሸገች፣ ላዩ ላይ «ምንም» ብላ ጽፋ ለኃላፊው አስረከበች። ኃላፊው ከፈቱት፤ ጎንበስ ብለው አዩ፤ እጃቸውን ሰደው አራቱንም ጥግ ዳበሱ።

«ሌላ ነገር አልተቀላቀለበትም?»

«ምንም ብቻ ነው ያለበት።»

«ጥራቱ ደህና ነው» አሉና ፈረሙ።

በሩብ ሰዓት ውስጥ ገንዳው ጠረጴዛው ላይ ወጣ፣ ውኃው ተሞላ፣ ዓሣዎቹ ገቡ። ስድስቱም አንዴ ዞሩና ከጥግ እስከ ጥግ ተወረወሩ። መዝገቢት አገጯን በመዳፏ ይዛ እንደ ልጅ ሳቀች።

ዓርብ እንግዶቹ ገንዳውን አይተው አደነቁ። ሥራ አስኪያጁም ባደረጉት ንግግር ምስጋናውን ለኮሚቴው ሰጡ፤ ይህን የመሰለ ውጤት ያስገኘ ዕቃ በአንድ ገንዳ ሥር ተወስኖ መቅረት የለበትም አሉ። የተረፈ አለ ወይ ብለው ሲጠይቁ የንብረት ኃላፊው ካርቶኑን አስመጥተው በእንግዶቹ ፊት ከፈቱ። ከተረከቡት ላይ ቅንጣት እንዳልጎደለ በኩራት መሰከሩ። ወዲያው ለሁሉም ክፍሎች እንዲታደል ትእዛዝ ወጣ፤ ዕቃውን ያስመጣችው እሷ ናትና አዳዩም መዝገቢት ሆነች።

ካርቶኗን አቅፋ፣ የማስረከቢያ ደብዳቤውን ይዛ ከዕቅድ ክፍል ጀምራ በየቢሮው ዞረች። የሚፈርምላት ጠፋ። በመጨረሻ አቤቱታ ሰሚው ዘንድ ደረሰች። እሳቸውም ደብዳቤውን በጥሞና አንብበው መለሱላት።

«ምንም ከሆነማ ውሰጂው የኔ እመቤት፤ ከጠዋት እስከ ማታ እዚህ የምንሠራው እሱኑ ነው።»