የሰይድ ከድጃ እንዴት እንደሞተች

ጀማሪ ደራሲ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሐይቅ ከተማ ብቅ በሉ፣ የኛን ሰይድ አሳያችኋለሁ። ልቦለዱን የሚጽፈው በአፉ ነው። ውጫሌ ገበያ ስንሄድ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ምዕራፍ ይተርክልናል፤ ስንመለስ ሌላ። እኛስ ማበረታታት መች ይጠፋናል? "አብሽር ሰይዶ! ወላሂ ጎበዝ ነህ!" እንለዋለን። እሱም "ስሜቱ ይምጣልኝ እንጂ እጽፈዋለሁ" ይላል።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ጉድ ፈላ። የልቦለዱን ባለታሪክ ከድጃን፣ ያቺን ሁላችንም የምንሳሳላትን ልጅ፣ ሐይቁ ውስጥ አሰጠማት! ሚኒባሱ በለቅሶ ተሞላ።

በማግስቱ ቤቱ ብሄድ ክው ብዬ ቀረሁ። ጎረቤቱ ሰሌን አንጥፎ ለቅሶ ተቀምጧል! ሽማግሌዎቹ ዱአ ያደርጋሉ፤ ክርስቲያኗ ጎረቤቱ እትዬ ስንዱ ደግሞ ንፍሮ ቀቅለው መጥተዋል። ላልተፈጠረች ልጅ! ሰይድ ራሱ ደንግጦ ግድግዳ ተደግፏል።

"ኧረ እትዬ፣ ልቦለድ እኮ ነው! ደግሞ ገና አልጻፍኩትም!"

እትዬ ስንዱ አፈጠጡበት። "አልጻፍከውም?"

"አንድ መስመርም አልጻፍኩ።"

"ታዲያ መች ሞተች? በል ተነስ፣ አሁኑኑ ጻፍና ከውሃው አውጣት!"

"አሚን!" አለ ለቀስተኛው ሁሉ።

ከዚህ የበለጠ ማበረታቻ ያገኘ ደራሲ ካለ ንገሩኝ። ወረቀት ከጎረቤት መጣ። እስክሪብቶ ግን የደራሲውን ቤት ከፍራሹ ሥር እስከ ቆጡ ብንበረብር፣ አንድም አልተገኘም!

ያኔ ነው እኔም ሰሌኑ ላይ ተቀምጬ ንፍሮዬን የዘገንኩት።