ከዳማው ጋር የተሽቀዳደመችው ቆርቆሮ

መቸኮል የሚወድ ሰውና የትም የማይሄድ ሰው አንድ ሆኖ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንዱን አውቃለሁ፤ አብሬው ተከራይቼ ኖሬአለሁ። በዚያ በደርግ ዘመን ፍኖተ ሰላም ላይ የሚያስቸኩል ነገር አልነበረም። አውቶቡሱን ጠዋት ስትጠብቁት ደምበጫ ላይ ጎማው ፈንድቷል ይባላል፤ ከሰዓት ስትጠብቁት ሾፌሩ ምሳ ላይ ነው ይባላል፤ ማታ ሲመጣ ደግሞ ሞልቷል። እንዲህ ባለ አገር ፍጥነትን ማፍቀር ምን ይሉታል ትሉኝ ይሆናል። እስቲ ለይልማ ንገሩት!

ይልማ ፊዚክስ አስተማሪ ነበር፣ እኔ አማርኛ። ለትምህርት ወደ ምሥራቅ ጀርመን ተልኮ የነበረ ወንድሙ ሲመለስ፣ ያለ ገመድ በሬዲዮ የምትነዳ የልጆች መኪና አመጣለት። ሌላ ሰው ቢሆን ኮሞዲኖ ላይ አስቀምጦ ለእንግዳ ያሳያት ነበር። ይልማ በመጣችበት ዕለት ፈታታት። የፕላስቲክ ቀፎዋን ጥሎ ከቀይ የዘይት ቆርቆሮ አዲስ አካል ቆረጠላት፤ ሞተሯን ከተበላሸ ቴፕ ባወጣው ቀየረ፤ ከጠረጴዛ ሰዓቴ ጥርስ ነቀለ (ሳያስፈቅደኝ ነው)፤ ከአሮጌ በረባሶ ጎማ ሠራላት። ከዚያ ክብደት ለመቀነስ እዚህም እዚያም ይበሳት ጀመር፤ በመጨረሻ ከመኪናዋ ቀዳዳዋ በለጠ።

«ትዞራለች?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አትዞርም።»

«ዕቃ ትጭናለች?»

«ኧረ እንዴት ተደርጎ!»

«ታዲያ ምን ታደርጋለች?»

«ትፈጥናለች» አለኝ፤ ዓይኑ እንደ ሕፃን ዓይን እያበራ። እሑድ እሑድ በትምህርት ቤቱ የሲሚንቶ በረንዳ ላይ ሲለቃት፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የሚታየው ቀይ መስመር ብቻ ነበር። ጉድለቷ ከእጁ መቆጣጠሪያ ትንሽ ከራቀች አለመስማቷ ነው። ስለዚህ አንቴናውን ወደፊት ዘርግቶ ከኋላዋ ይሮጣል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ይህን አንቴና አይቶ «ከማን ጋር ነው የምትነጋገረው?» ብሎት ያውቃል። «ከመኪናዋ ጋር» አለ ይልማ። «እሷስ ምን ትላለች?» ተብሎ ግማሽ ቀን መልስ ሲሰጥ ዋለ።

ሽቦ ለመበየድ ስታኞ ሲያቀልጥ ጣቱን ያቃጥላል፤ ጣቱን ሲያቃጥል ክሊኒክ ይሄዳል፤ ክሊኒክ ሲሄድ ጤና ረዳቷ ስመኝ ታሽግለታለች። እያደር ጣቱ የሚቃጠልበት ጊዜ በዛ። አንድ ቀን በደህና ጣቱ ላይ ፋሻ ጠምጥሞ ሲወጣ ባየሁት ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ወዷታል፣ ወዳዋለች። የቀረው ቡሬ አጠገብ ወዳሉት አባቷ ወደ አያ ፈንቴ ሽማግሌ መላክ ነበር።

አያ ፈንቴ የአዊ ሰው ናቸው፤ እንግዲህ ፈረስን በተመለከተ ምን ዓይነት ሰው እንደሆኑ ከዚህ በላይ አልነግራችሁም። ሽማግሌ ሆነን የሄድነው አከራያችን መሪጌታ ጥበቡና እኔ፣ አንድ ጎረቤት ጨምረን ነው። አያ ፈንቴ አስቀመጡን፣ አበሉን፣ አጠጡን፤ የመጣንበትንም በጸጥታ ሰሙ። ከዚያ አንዲት ጥያቄ ጠየቁ።

«ልጁ ምን ይጋልባል?»

ይልማ አህያ ላይ እንኳ ወጥቶ አያውቅም። እኔ መሬት መሬቱን ሳይ መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሽማግሌ ሙሽራውን ማሞገስ አለበት፤ ደንብ ነው። መሪጌታም ደንቡን አበዙት።

«ገለባ የማትበላ፣ ውሃ የማትጠጣ፣ በገዛ እጁ የሠራት፣ ፈረስ የምትቀድም አለችው።»

«ፈረስ?»

«ፈረስ።»

«የኔን ዳማ?»

ከዚህ ወዲያ ወደኋላ ማለት የት ይገኛል? «የርስዎንም» አሉ መሪጌታ፣ ድምፃቸው ትንሽ ሰለል ብሎ።

አያ ፈንቴ «እንግዲያው ትምጣና እንያታ» አሉን። ሦስታችንም የተረዳነው አንድ ነገር ነው። መኪናዋ ከቀደመች ልጅቱ ትሰጣለች፣ ካልቀደመች አትሰጥም። ለይልማ ይህን ስነግረው ይደነግጣል ብዬ ነበር። «ፈረስ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ይሮጣል?» አለኝና እርሳሱን ፈለገ።

በአያ ፈንቴ ደጃፍ የሚያልፈው መንገድ ያኔ ጠጠር ነበር፤ መዳፍ የምታህል መኪና ጠጠር ላይ ብትለቋት ዘላ ገደል ነው የምትገባው። ይህን ለአያ ፈንቴ ላክንባቸው። ሌላ ሰው ቢሆን «የራሳችሁ ጉዳይ» ይል ነበር። እርሳቸው ግን ዳማቸው በለጋ ሣር ላይ እየሮጠ የእንግዳው ዕቃ ጠጠር ላይ ቢንከባለል ነውር ነው አሉ፤ ወንፈል ጠርተው፣ መሬቱን አስደልድለው፣ ልክ እንደ አውድማ በእበት አስለቀለቁላት። ከቤታቸው ደጃፍ መድረሻ እስከተባለው ብሳና ዛፍ ድረስ፣ ደርቆ የጠነከረ፣ እንደ ምጣድ የለሰለሰ ጎዳና! ይልማ ጫማውን አውልቆ በእግሩ ዳሰሰውና እንባው መጣ። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ሜዳ አግኝቶ አያውቅም።

ዕለቱ ደረሰ። ይልማ የባትሪ ድንጋዮቹን ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ አስጥቷቸዋል፤ ሲሞቁ ይበረታሉ። አገሩ ሁሉ ወጥቷል። ስመኝ ከሴቶቹ መሃል ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። አያ ፈንቴ ዳማው ላይ ወጡ፣ መሪጌታ «በሉ!» አሉ፣ ሁለቱም ተለቀቁ።

ጎበዝ፣ ቀደመችው! በዓይኔ በብረቱ አየሁ። ያቺ ወንፊት ዳማውን ጥላው ሄደች፤ ይልማ አንቴናውን ዘርግቶ፣ ሸሚዙ ከሱሪው ወጥቶ፣ ከኋላዋ ይበራል። ሴቶቹ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ብሳናው ጥላ ስር ስትገባ ግን «ጭቅ» አለችና ቀጥ። ጫፉ ላይ ያለው እበት እርጥብ ነበር፤ በጥላው ምክንያት ማናችንም ልብ አላልነውም። ዳማው አለፈ። ይልማ አላለፈም፤ አንሸራቶት እበቱ ላይ ተዘረጋ፤ አንቴናውን ግን እንደያዘ ነበር።

አንገታችንን ደፍተን ቆምን። አያ ፈንቴ ከፈረሳቸው ወርደው ይልማን በእጃቸው አነሱት፣ ከዚያ ወደኛ ዞሩ።

«ምን ያስቆማችኋል? ግቡ እንጂ። ልጅቱን ሰጥቻለሁ።»

«እንዴ አያ ፈንቴ» አሉ መሪጌታ «ተቀድመን የለም ወይ?»

«ብትቀድሙኝማ መች እሰጥ ነበር! ፈንቴ በቆርቆሮ ተረትቶ ልጁን ተነጠቀ ይበለኝ አገር? ረትቼ፣ ደስ ብሎኝ ነው የምሰጥ።»

ሠርጉ በጥር ሆነ። ነገሩም እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ኖርኩ።

ከስንት ዓመት በኋላ ቤታቸው ብሄድ ስመኝ ምስር ትለቅማለች፤ ይልማ ደጅ ላይ ለአንድ ምስኪን እንግዳ የዚያን ቀን ባትሪ ለምን እንደከዳው ያስረዳል። ለእርሱ እበቱ ሰበብ ነው፤ ባትሪው ደህና ቢሆን እርጥብም ታልፍ ነበር ባይ ነው። ስመኝ ወደ በሩ አየት አደረገችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ጫፉን በዚያ ጠዋት በላዩ ዳግም የለቀለቅሁት እኮ እኔ ነኝ።»

ምስሩ ላይ ልደፋ ምንም አልቀረኝ። «አንቺ ልጅ! ለምን?»

«አባቴን አውቀዋለኋ። ቢረታ ሞቶም አይሰጠኝ። ይልማንም አውቀዋለሁ፤ ፈረሱን ቢቀድም ከአውቶቡስ ልሽቀዳደም ብሎ ከተማ ለከተማ ሲሮጥ እኔ ቆሜ ልቀር ነው።»

«ልንገረው?»

«ተው በማርያም! ከባትሪው ጋር ተጣልቶ ይኑር፤ ከኔ ጋር ከሚጣላ።»

ይኸው ጡረታ ወጥቶም ባትሪውን ይረግማል። ይህን አንብቦ ይደርስበታል ብላችሁ ደግሞ እንዳትሰጉ። ይልማ ቁጥር የሌለበት ጽሑፍ አያነብም።