የሙቀት መለኪያ የያዙት አያቴ

እንከን አውጪ የሌለበት ቤተሰብ በዓለም ላይ የለም። አለ ቢባል እንኳ አንዱ እንከን አውጪ ሄዶ ጉድለቱን ያገኝለታል። በእኛ ቤት ይህን ሹመት የያዙት አያቴ ታውኖ ናቸው።

እዚህ ፊንላንድ ባለፈው የበረዶ ወራት ደጃፋቸው ላይ አንሸራቷቸው ወደቁና ጎረቤት እስኪያገኛቸው ሁለት ሰዓት ተጋድመው ቆዩ። የተናገሩት ነገር ቢኖር "የዘንድሮ በረዶ ጥራት የለውም" ብቻ ነው። እናቴ ግን ማለች፤ ዳግመኛ በረዶ ሳይጥል አባቷ የአረጋውያን መኖሪያ ይገባሉ። እኔ መኖሪያዎቹን እያዞርኩ የማስጎበኛቸው ሹፌር ሆኜ ተመደብኩ።

ክቡርነታቸው ስለ ምግቡ አይጠይቁ፣ ስለ ሐኪሙ አይጠይቁ። ከኮታቸው ኪስ የሙቀት መለኪያቸውን ያወጡና "ሳውናው የት ነው?" ይላሉ፤ በጋለ ድንጋይ ላይ ውሃ እየረጨን በእንፋሎት የምንታጠንበትን ክፍል ማለታቸው ነው።

በመጀመሪያው ቤት ኃላፊዋ ስለ መድኃኒት አሰጣጥ ስታስረዳን ዘወር ብንል አያቴ የሉም። ልብሳቸውን ወንበር ላይ አጣጥፈው፣ እርቃናቸውን የሳውናው መደብ ላይ ጉብ ብለዋል።

"አባት፣ ገና እየጎበኘን እኮ ነው" አለች ኃላፊዋ በሩን ገርበብ አድርጋ።

"እኔስ ምን እያደረግሁ ነው? ስልሳ ዲግሪ ብቻ። በዚህ ሙቀት ሊጥ እንኳ ኩፍ አይልም።"

የሁለተኛው ቤት እንፋሎት ደረቅ ነው ተባለ። የሦስተኛው ምድጃ ድንጋይ "የመንገድ ኮረት" ተባለ። አምስተኛው ሁሉን ያሟላ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ መደቡ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ "እንደምን ዋሉ" አሏቸው። አያቴ ወዲያው ወጡ። "ወሬኛ ሰፈር ነው።"

ጥቅምት ገባ። እናቴ ጧት ጧት ሰማይ ሰማዩን ማየት ጀመረች።

በዘጠነኛው ቤት ከአንድ ጡረተኛ ዓሣ አጥማጅ ጋር ገብተው አርባ ደቂቃ ቆዩ። በሩ ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ፤ ውሃው ድንጋዩ ላይ ቸስ ከማለቱ በቀር ድምፅ የለም። እንደ በርበሬ ቀልተው ወጡ።

"ሰውየው ምን አሉ?"

"ምንም። ጨዋ ሰው ነው።" መለኪያቸውን አዩና "መጥፎ አይደለም" አሉ።

እኛ ፊንላንዶች ከዚህ የበለጠ ምስጋና ለሙሽራም አንሰጥም። እዚያው ፈረሙ። በገቡ በሦስተኛው ቀን በረዶ ጣለ።

ቅዳሜ ልጠይቃቸው ሄጄ አብረን መደቡ ላይ ወጣን። በሩ ሲጥ ይላል። የጭልፋው እጀታ አጭር ነው። ደረጃው መደገፊያ የለው፣ ቢያንሸራትታቸውስ? ሰባት ጉድለት ቆጠርኩና አሁኑኑ ለኃላፊዋ እነግራለሁ ብዬ ተነሳሁ።

አያቴ ዞር ብለው አዩኝ።

"ይህን ነገር ከማን ወረስከው?" አሉና ጭልፋውን አቀበሉኝ። "ይልቅ ውሃ ጨምር።"

ጨመርኩ። ሰማንያ ስድስት ዲግሪ ገባ፤ ከቤት ይዤው የመጣሁት መለኪያ እንደዚያ ይላል።