ከሥራ የተጠበቀ ቴሌቪዥን

አንባቢዬ፣ ዕቃን ከሌባ የሚጠብቅ ሰው ሳያዩ አይቀሩም። ዕቃን ከሥራ የሚጠብቅስ አጋጥሞዎት ያውቃል?

እኔ በደርግ ጊዜ ታች ጋይንት ውስጥ፣ ከአርብ ገበያ ከተማ አጠገብ ሳስተምር አንዱን አውቀው ነበር፤ የትምህርት ቤታችን ንብረት ያዥ አቶ ደሴን። መንግሥት ለማስተማሪያ ቴሌቪዥን ከነጄኔሬተሩ ላከልን። የስርጭቱ ሞገድ እዚያ ይድረስ አይድረስ እስካሁን አላውቅም። ስምንተኛ ክፍሎች ብሔራዊ ፈተና ሊቀመጡ ስለነበር፣ የሳይንሱን ትምህርት አንድ ቀን እንኳ እንዲያዩ አቶ ደሴን ለመንኩት።

«መምህር፣ ቢሰበር የምታሰረው እኔ ነኝ» አለኝ።

አቶ ደሴ እዚያው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ገዳም የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ ድጓ የተማረ ሰው ነው፤ የከበረ ነገር ከመጋረጃ ጀርባ እንደሚቀመጥ ያውቃል። ሣጥኑን እንደታሸገ ግምጃ ቤት አስገብቶ መጋረጃ ጣለበት። አርብ አርብ ገለጥ ሲያደርገው ገበያተኛው ኩታውን አደግድጎ፣ ተሰልፎ ያያል።

«አያ ደሴ፣ ውስጡ ምን አለ?»

«ትምህርት።»

«ታዲያ አይከፈትም?»

«ሰው ሁሉ ካየውማ ምኑን ትምህርት ሆነ?»

ፈተናው ሳምንት ሲቀረው ተቆጣጣሪ መጣ። ያስከፍትልኛል ብዬ ደስ አለኝ። ሰውዬው እሽጉን ዳሰሰና የአቶ ደሴን ትከሻ መታ መታ አደረገ።

«ጓድ፣ እንዲህ ያለ አያያዝ የትም አላየሁም።»

ከዚያ ወደ ክፍሌ ገብቶ፣ ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ የተማሩበትን ሬዲዮ አነሣ። ቁልፉ ተልጧል፤ አንቴናው በሽቦ ታስሯል።

«ይህን እንዲህ ያደረገው ማን ነው?»

«እኛ ነን፤ በየቀኑ ስንማርበት» አልኩ።

ራሱን ነቀነቀና ሬዲዮውን ለአቶ ደሴ አስረከበ።

አቶ ደሴ በሁለት እጁ አቅፎት ሲወጣ አጠገቤ ቆም አለ።

«አይዞዎት መምህር» አለኝ ከልቡ፣ «ከእንግዲህ አይበላሽም።»