የመኪና ሆድ

«መንገዱ ሲስተካከል እንመጣለን» የሚሉ ልጆች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔ አውቃለሁ፤ እዚህ ደራ፣ የጎረቤቴ የጋሽ ቶሎሳ ልጆች ናቸው። የሚኖሩት አዳማ ነው፤ ሩቅ አይደለም። ችግሩ ከአስፋልቱ እስከ አባታቸው በር ያለው ኮረኮንች ነው።

«አባዬ፣ የመኪናውን ሆድ እየነካብን እኮ ነው!»

የመኪና ሆድ ደግሞ፣ መቼም፣ ከእናት ሆድ ይብሳል።

ጋሽ ቶሎሳ አመኗቸው። ከእርሻ ትራክተራቸው ኋላ የሚታሰር የመንገድ መደልደያ ምላጭ ሊገዙ ሞጆ ድረስ ሄዱ። ደህናው ወፍራም ነው፤ ጠመም እየተደረገ አፈሩን መልሶ ጉድጓዱን ይሞላል። ርካሹ ስስ ነው፤ ጠመም ላድርግህ ቢሉት ንቅንቅ አይልም። ርካሹን ይዘው መጡ።

«ለመላጨት ምን ያንሰዋል?» አሉኝ።

እውነትም ላጨ! አፈሩን እየጠረገ መንገዱን ቦይ አደረገው። ዝናብ በጣለ ቁጥር ጎርፍ ይወርድበታል። ጋሽ ቶሎሳ ግን በየቅዳሜው ይላጫሉ። ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ አጥሩ ሥር ቆመው፣ «ዛሬስ ለስልሷል፤ በል ደውልላቸው» ይላሉ።

ሐምሌ ላይ እትዬ ብርቄ አረፉ። ልጆቹ መኪናቸውን አስፋልቱ ዳር አቁመው፣ ጭቃውን እያቦኩ፣ «እማዬ! እማዬ!» እያሉ ደረሱ።

ጋሽ ቶሎሳ ድንኳኑ በር ላይ ተቀምጠው የልጆቻቸውን ጭቃ የለበሰ ጫማ አዩት። ወደ እኔ ዞሩና፣

«ለካ በእግርም ይመጣል» አሉኝ።