ለቅሶ ላይ ቅናሽ የጻፍኩት ሰውዬ

ዛሬ የሠራሁትን ብነግራችሁ ግማሻችሁ አታምኑኝም። ግማሻችሁ ደግሞ አይታችሁታል፤ ስክሪንሾቱ እኔ ቤቴ ሳልገባ መቐለን ዞሯል።

አዎ፣ ያ ሰውዬ እኔ ነኝ። ሽማግሌው።

ለማታውቁኝ፣ ሓጎስ እባላለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሱቅ ሰሌዳ በቡሩሽ ስጽፍ ኖርኩ። አርፌ መቀመጥ ሲገባኝ ዲጂታል ማርኬቲንግ ከፈትኩ። ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ወንበር፣ ዐሥራ አንድ የደንበኛ ፔጅ። ሥራ አስኪያጁም ዘበኛውም እኔው ነኝ።

ዐሥራ አንድ ፔጅ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? አንዱን ጥጃ ስታስር ሌላው ገመዱን በጥሶ ይሄዳል። ጠዋት ፖስት፣ ቀን ቲክቶክ፣ ከዚያ "ሪች ወረደ፣ የሚያየን ሰው ቀነሰ" ብሎ መተከዝ። ከደከመኝ ቆይቷል። ግን ለማን ይነገራል? በዚህ ሽበት "ፌስቡክ አደከመኝ" ብል የልጅ ልጆቼ ዓመት ሙሉ ይስቁብኛል።

ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። አንዲት መልስ ጽፌ ስልኬ ላይ አስቀመጥኩ። ኮሜንት በመጣ ቁጥር ኮፒ፣ ፔስት።

"ውድ ደንበኛችን፣ እናመሰግናለን! በብዛት ለሚወስዱ ቅናሽ አለን። ያሉበት ድረስ እናደርሳለን።"

ኮሜንቱን አላነብም። ሰው ከ"ስንት ነው" ሌላ ምን ይጽፋል ብዬ?

ዛሬ ጠዋት የቁሓው ሚኒባስ እስኪሞላ ስልኬን ከፈትኩ። የምሕረት ማር ቤት ፔጅ ላይ አርባ ሁለት ኮሜንት! ምሕረት የመጀመሪያ ደንበኛዬ ናት፤ ፔጇ ከአራት ኮሜንት በላይ አይቶ አያውቅም። ሰሞኑን የለጠፍኩት የነጭ ማሩ ቪዲዮ ፈነዳ አልኩ በልቤ።

ፖስቱን ሳልከፍት ከኮሜንት ዝርዝሩ ላይ አርባ ሁለቱንም ፔስት አደረግኩ። ሚኒባሱ ሳይሞላ ጨረስኩ። ኮራሁ እኮ።

ቁሓ ስወርድ ቢጫ ቲሸርት ለብሻለሁ፤ ደረቱ ላይ ትልቅ ንብ አለች። ትራይፖዴን ትከሻዬ ላይ አድርጌያለሁ። ምሕረት ሱቅ ማር ሲቀዳ ልቀርፅ ነው።

ሱቁ ዝግ ነው። ፊት ለፊቱ ድንኳን ተተክሏል።

የምሕረት እናት ዓደይ ለተ ትናንት ተቀብረዋል።

ትራይፖዴን በር ላይ ጥዬ ገባሁ። ነጠላ የለበሰ ሰው ሁሉ መሀል ንቤን በክንዴ ሸፍኜ ተቀመጥኩ። አሳፋሪው ነገር ይሄ መስሎኝ ነበር። አጠገቤ የነበረው የምሕረት አጎት ዘንበል አለ።

"ሓጎስ፣ ለቤተሰብ ቅናሹ ስንት ነው?"

"የምን ቅናሽ?"

ስልኩን ሰጠኝ። ምሕረት የእናቷን ፎቶ ፔጁ ላይ አድርጋ ሱቁ ለሦስት ቀን ዝግ መሆኑን ጽፋለች። ከሥሩ ሰው ሁሉ "ጽንዓት ይሃብኪ"፣ "ነፍስ ይማር" ይላል። በእያንዳንዱ ሥር እኔ አለሁ። በብዛት ለሚወስዱ ቅናሽ አለን።

የንስሓ አባታቸውንም አልማርኳቸውም። እሳቸው ነፍሷን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን ብለው ጽፈዋል። እኔ ያሉበት ድረስ እናደርሳለን ብያቸዋለሁ።

"ዓይንህ እምቢ ካለህ ላንብብልህ" አለኝ አጎትየው። "አርባ ሁለት ናቸው፤ እኔ አይሰለቸኝም።"

ምሕረት መጣች። ዓይኗ አብጧል። ተነሣሁ፤ ንቧም አብራኝ ተነሣች።

"ምሕረት ልጄ፣ አላነበብኩትም" አልኳት። ይቅርታ ማለት ሲገባኝ፣ የቤት ሥራውን እንዳልሠራ ተማሪ ሰበብ!

"አውቃለሁ አቦይ ሓጎስ። ቢያነቡትማ አይጽፉትም ነበር።"

የነጠላዋን ጫፍ ወደ ትከሻዋ መለሰች።

"የባለቤቴ መርዶ የመጣ ጊዜ ትዝ ይልዎታል? በጦርነቱ፣ ስልክ የለ፣ መኪና የለ። ከሰሜን እዚህ ድረስ በእግርዎ መጡ። ከዘመድ ሁሉ ቀድመው የደረሱት እርስዎ ነበሩ። እግርዎን ያጠበችዎት እናቴ ናት። አሁን ምን አገኘዎት?"

"አሁን ስልክ አለኝ" አልኳት።

መቀለዴ አልነበረም። አጎትየው ሳቁን በሳል ሸፈነው። እሷ አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ ትሳቅ ታልቅስ አላወቅኩም፣ ለመጠየቅም አፈርኩ።

"ፔጁን ይተዉልኝ፤ እኔው አየዋለሁ" አለች።

እሺ አልኩ።

ስወጣ በር ድረስ ሸኘችኝና ቀና ብላ ሰሌዳውን አየች። ሱቁ የተከፈተ ጊዜ በቡሩሽ የጻፍኩት ነው። ዓደይ ለተ መሰላሉን ይዘው "ንቧን አወፍራት፤ የእኛን ማር የበላች ናት እኮ" እያሉ ሲያስቁኝ ነበር የጨረስኩት። አሁን ፀሐይ በልቶት ንቧ ዝንብ መስላለች።

"ከአርባዋ በፊት ያድሱልኛል?" አለችኝ።

በእሺታ ራሴን ነቀነቅኩ።

ፔጁን ከማስረከቤ በፊት አርባ ሁለቱን መልሶቼን አንድ በአንድ አጠፋሁ። በዚህ አጋጣሚ ኮሜንቶቹን አነበብኳቸው። ለካ ሰው ከ"ስንት ነው" ሌላም ይጽፋል። አንዱ ልጅ ሆኖ ሲያስለው ዓደይ ለተ በማንኪያ ማር ያልሱት እንደነበር ጽፏል። ለዚህ ሰው ነው ቅናሽ አለን ያልኩት።

ከቀሩት ዐሥር ደንበኞች ለሰባቱ ደውዬ ሌላ ሰው ፈልጉ አልኳቸው። ሦስቱን ያስቀረሁት ሱቃቸው በእግሬ ስለሚደረስ ነው። ከእንግዲህ ቤታቸውን ሳልረግጥ ፖስት የለም። ቡሩሾቼን ደግሞ ከአልጋ ሥር አውጥቼ ነዳጅ ውስጥ ነክሬያቸዋለሁ፤ እንደኔው ደርቀዋል።

ኮሜንት ከጻፋችሁልኝ አነባለሁ፤ ዘንድሮ ማንበብ ጀምሬያለሁ። መልስ የሚፈልግ ግን ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ይንገረኝ።

ቲሸርቴን ቀይሬ እመጣለሁ።