የእትዬ ደብሬ ዣንጥላ በኤፌሶን

ስለት ስትሳሉ አስቀድማችሁ ቦታው የት እንደሆነ ጠይቁ። ይህን የምለው ሊቅ ሆኜ አይደለም፤ ሳይጠይቁ የተሳሉ ሴትዮ ተከትዬ ቱርክ ድረስ ስለሄድኩ ነው።

እትዬ ደብሬ የኮምቦልቻ ሰው ናቸው። ልጃቸው ዓረብ አገር ሄዶ ድምፁ ጠፋ። መቼም የእናት አንጀት ነው። አንድ እሑድ መምሬ ሲሰብኩ፣ እመቤታችን ወላዲተ አምላክ መሆኗ የጸናው በኤፌሶን ጉባኤ ነው ሲሉ ሰሙና እዚያው ቆመው ተሳሉ። ልጄን ካመጣሽልኝ ኤፌሶን ደጅሽ ድረስ መጥቼ ዣንጥላ አስገባለሁ አሉ። ልጁ ክረምቱ ሳይወጣ መጣ። ኤፌሶን የት እንደሆነ የጠየቁት ከዚያ በኋላ ነው። ለካ ቱርክ አገር ነው፤ እሳቸው እዚሁ ቅርባችን ካለው ከገራዶ ማዶ መስሏቸው ኖሯል።

መምሬ፣ እዚሁ ደብራችን ያስገቡት ቢሏቸው አሻፈረኝ አሉ። ጎረቤታቸው ሐጂ ይመር ደግሞ፣ መካ ደርሰው የመጡ ሰው ናቸውና፣ «አንቺ ኒያሽን ያዢ፣ መንገዱን አላህ ያግራልሻል» ብለው ዱዓ አደረጉላቸው። እውነትም ገራ። የጽዋ ማኅበራችን የጥንቶቹን አብያተ ክርስቲያናት ሊሳለም ወደ ቱርክ ሲነሳ፣ እትዬ ደብሬ ያንን ዘርፋም ቀይ ከፋይ ዣንጥላ እንደ አራስ ልጅ በነጠላ ጠቅልለው መጡ። መምሬም አብረውን ነበሩ።

ቱርክ ግን ምን ዓይነት አገር ነው? እኔ ፍጹም ባዕድ ቦታ ስጠብቅ፣ የደረስን ዕለት አዛን ሲሰማ ደሴ ፒያሳ የቆምኩ መሰለኝ።

ኤፌሶን ደረስን። ቤተ ክርስቲያኑ አለ፤ ማለቴ ግድግዳውና ዓምዱ አለ። ጣሪያ የለም፣ ቄስ የለም፣ ዕቃ ቤት የለም። እኛ ጫማችንን አወለቅን፤ ፈረንጁ ከነጫማው ይመላለሳል። ዣንጥላውን ማን ይረከብ? ጥበቃው ዕቃ ጥሎ መሄድ ክልክል ነው ማለቱን አስጎብኚያችን ተረጎመልን። እትዬ ደብሬ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። እሷ ልጄን ሰጥታኝ እኔ ቃሌን አጥፌ ልመለስ ነው አሉ። 

ፀሐዩ ሲበረታባቸው ዣንጥላውን ዘረጉና ዓምዶቹን ሊሳለሙ ተነሡ። ዞር ስል ከኋላቸው ሰው ተሰልፏል። የማን አገር ሰዎች እንደሆኑ እንጃ፣ ሁሉም ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተዋል። ለካ እዚያ አገር አስጎብኚ የሚታወቀው ዣንጥላ ከፍ አድርጎ በመሄዱ ነው። እሳቸው ወደ ቀኝ ሲሄዱ ወደ ቀኝ፤ ዓምድ ሊስሙ ሲያጎነብሱ እነሱም አጎንብሰው ድንጋዩን ፎቶ ያነሳሉ።

እውነተኛዋ አስጎብኚያቸው፣ አንዲት ቱርካዊት ልጅ፣ ሽቦው የተሰበረ ዣንጥላ ይዛ እየሮጠች መጣች። የእኛው አስጎብኚ ነገሩን አስረዳት። እትዬ ደብሬ አንድ ነገር ብቻ አስጠየቁ፦ በየቀኑ ወደዚህ ቤት ሰው ታመጫለሽ ወይ? በየቀኑ አለች። «እንግዲያው ተቀበይኝ» አሉና በሁለት እጃቸው ሰጥተው እልል አሉ።

መምሬ ተቆጡ። የእመቤታችን ስለት እንዴት ለእስላም ይሰጣል አሉ። እትዬ ደብሬም ረጋ ብለው፣ «አባቴ፣ ደብራችን ሲሠራ ድንጋዩን ከእኛ ጋር ያመላለሱት ጎረቤቶቻችን የሐርቡ እስላሞች አይደሉም እንዴ?» አሏቸው። መምሬ ግን ቅር እንዳላቸው አገር ገባን።

ባለፈው ሰሞን ቱርካዊቷ አስጎብኚ፣ ያኔ ቁጥሩን ተቀብላ ኖሮ፣ በእትዬ ደብሬ ልጅ ስልክ ፎቶ ላከች። ቀዩ ዣንጥላ ከፊት፣ ሕዝቡ ከኋላ ወደዚያ ቤተ ክርስቲያን ይተማል። ለመምሬ ላሳያቸው ሄድኩ። ዕቃ ቤቱን ከፍተው፣ ከጥምቀት እስከ ጥምቀት የማይወጣውን የስለት ዣንጥላ ክምር አቧራ ያራግፋሉ። ፎቶውን አተኩረው አዩት፣ ክምሩንም አዩት።

«ለመሆኑ ያቺ ልጅ» አሉኝ፣ «ስንት ዣንጥላ መያዝ ትችላለች?»